የመምህር ገዛኸኝ የመጨረሻ ቃል

የእንግሊዝኛ መምህሩ ገዛኸኝ መቱ ውስጥ ከተከራየበት ቤት ጓሮ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲያካፋበት አድሯል። ኮማንደር ዳምጤ ከሩቅ አየውና፣

«አዳልጦት ነው። ፋይሉን ዝጊው» አለ።

ኢንስፔክተር ዲሪቤ ግን ተንበርክካ አስከሬኑን መረመረች።

«በግንባሩ የወደቀ ሰው ማጅራቱ እንዴት ይፈነከታል? አልዘጋውም፣ ጌታዬ» አለች። የሟቹ የላይኛው ከንፈር ወደ ውስጥ መሰርጎዱንም ልብ ብላለች።

«እንግዲያው ገዳዩ የግቢው ተከራይ ሮብሳን ነው፤ ሰሞኑን ሲጣሉ ነበር» ብሎ ኮማንደሩ ሮብሳንን በካቴና አሳሰረው።

ዲሪቤ ሮብሳንን ስትጠይቀው በንዴት መለሰ፤ «እኔና እሱ የተጣላነው ስለ በር ቁልፍ ነው! የኮሌጅ መምህሩን ሰይፈ ሚካኤልን ጠይቂው። በምትጽፈው መጽሐፍ ላይ ስሜን እንደ ደራሲ አስገባ እያለ መምህሩን መውጫ መግቢያ አሳጥቶት ነበር። እሱም ሞቼ ነው ቆሜ ብሎታል።»

የቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለማርያም ደግሞ እንዲህ አሉ፤ «ሰይፈ ሚካኤል ትናንት ጀንበር ስታዘቀዝቅ መጣ። ሲሄድ የመምህሩ ደጃፍ ላይ ቆሞ በእንግሊዝኛ ተሰናበተው።»

«ገዛኸኝ ሲመልስስ ሰሙት?»

«አልሰማሁም፣ ልጄ። ትናንት እኔንም በጋቢው አፉን ሸፍኖ በእጁ ነበር የሚያናግረኝ።»

የኮሌጅ መምህሩ ሰይፈ ሚካኤል ያደረው ቡሬ ነበር። ሲመለስ ፈገግ እያለ ተቀበላት።

«ስሄድ ደኅና ነበር። በሩን ባይከፍትልኝም ከውስጥ ሆኖ ‹ቬሪ ፋይን› ብሎኛል።»

«አጥርተው ሰሙት?»

«ቪን ከቢ የማትለዪ ልጅ ስለ እንግሊዝኛ ልትጠይቂኝ?»

«ያስተምሩኛ!»

«ለኤፍ የላይኛውን ጥርስ ታችኛው ከንፈር ላይ አሳርፈሽ ትተነፍሻለሽ። በዚያው ላይ ጉሮሮሽ ከነዘረ ቪ ይሆናል። ፋን ማራገቢያ ነው፣ ቫን መኪና። ገዛኸኝ እነዚህን ድምፆች አንድ ቀን አሳስቶ አያውቅም፤ ትናንትም ጥርት አድርጎ ነው ያላቸው።»

ዲሪቤ አመስግናው በቀጥታ ወደ ከተማው ጥርስ ሠሪ ወደ በዳሳ ሄደች።

በማግስቱ ሁሉንም በግቢው ሰበሰበቻቸው። ሮብሳንም ከነካቴናው መጣ።

«እስቲ ሁላችሁም የላይ ጥርሳችሁን በከንፈራችሁ ሸፍኑና ‹ፋይን› በሉ» አለች። ሞከሩ። ከየአፉ የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። ኮማንደሩ ሳይቀር ሞክሮ አፈረ።

በዳሳ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰው ሠራሽ የላይ ጥርስ አወጣ። «የመምህሩ ነው። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ተሰብሮበት አመጣልኝ። ማንም እንዳያውቅበት ለምኖኝ ነበር።»

«በዚያን ዕለት ማታ ገዛኸኝ የላይ ጥርስ አልነበረውም» አለች ዲሪቤ። «ታዲያ ያንን ጥርት ያለ ኤፍና ቪ ማን አለው? ሰይፈ ሚካኤል፣ እርስዎ የነገሩኝ በየቀኑ የሚያውቁትን ድምፁን ነው። በሕይወት ነበር ለማለት ሲሉ የፈጠሩት ነው። እትዬ እንዲሰሙዎትም ለሞተ ሰው ተሰናበቱ።»

ሰይፈ ሚካኤል ፊቱ ደም መሰለ።

«አንድ ቃል አልመለሰልኝም!» ብሎ ጮኸ። «ጓሮ ደረጃው ላይ ስለምነው ጋቢውን አፉ ላይ ይዞ ራሱን ወዘወዘ፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ። እንደ ውሻ ናቀኝ! ድንጋዩን ያነሳሁት ያኔ ነው።»

«አፍሮ እኮ ነው፣ ልጄን!» አሉ እትዬ አስካለማርያም እያለቀሱ።

«አፍሯልም፣ እምቢም ብሏል» አለች ዲሪቤ።

ኮማንደሩ ወደ ሰይፈ ሚካኤል ጠቆመ። «በይ፣ ይዘሽው ሂጂ።»

«መጀመሪያ ሮብሳን ይፈታ፣ ጌታዬ። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ።»

ኮማንደሩ ቁልፉን ከኪሱ እስኪያወጣ ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።