ከ«ፈ» ብንጀምርስ?

«ምን አፈጠጥሽ? ኮምፒውተር እንደሁ ዘመድ የለው!» አለ ሀብቴ ወንበሩን እያወዛወዘ።

ፋሲካ ዝርዝሩን እንደገና ከላይ ወደ ታች ወረደችበት። ስክሪኑ ላይ በክረምት ደብረ ታቦር ለሚሰጠው የሁለት ሳምንት የኮምፒውተር ስልጠና የታጩ ተማሪዎች ተደርድረዋል። አስራ ሁለተኛው ሀብቴ ነው፤ እሷ አስራ አራተኛ። የሚወስዳቸው መኪና ደግሞ ከአስራ ሁለት ሰው በላይ አይጭንም።

ሀብቴ፣ አመተ ማርያምና ፋሲካ ውጤታቸው እኩል ነው፤ ሰማንያ ሰባት። ይባስ ብሎ ዝርዝሩን የሚያወጣውን ድረ ገጽ የሠራችው ራሷ ፋሲካ ናት። ሁለት ወር ሙሉ፣ የከተማቸው የወገዳ መብራት ሲመጣ እየሠራች፣ ሲጠፋ እየተቆጣች፣ ጃንጎ በሚሉት የድረ ገጽ መሥሪያ ሠርታ ጨረሰችው። «መጀመሪያ በውጤት፣ ውጤት ሲተካከል በስም ደርድር» ብላ ያዘዘችውም እሷ። ታዛዥ ነው፤ ደረደረ።

ስሟ ፋሲካ ይሁን እንጂ ዝርዝር ላይ ሁሌም ጾም አዳሪ ናት። መጽሐፍ ሲታደል «ፈ» ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ሀብቴ ግን አንዴ በ«ሀ» ተጠርቶ፣ ሁሉንም ነገር ትኩስ ትኩሱን ይወስዳል።

«ቲቸር፣ ይሄ ልክ አይደለም» አለች ወደ አይሲቲ መምህራቸው ዞራ።

መምህር ዋሲሁን ሰዓታቸውን አዩ። «ምኑ? ፕሮግራሙ ተሳሳተ?»

«እሱስ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ውጤት ሲተካከል ስም ምን አገባው? ከ‹ፈ› ብንጀምርስ?»

«ከ‹ፈ› ተጀምሮ ያውቃል?» ሀብቴ ሳቀ።

«አሁን ይጀመራላ!»

ትእዛዙ ውስጥ «ስም» ከሚለው አምድ ፊት አንዲት ሰረዝ ጨመረች፤ ሰረዝ ማለት ከኋላ ጀምር ማለት ነው። ገጹን አደሰችው። የላዮቹ ንቅንቅ አላሉም፤ እኩል ያመጡት ሦስቱ ግን ተገለበጡ። ፋሲካ አስራ ሁለተኛ፣ ሀብቴ አስራ አራተኛ።

ሀብቴ ከወንበሩ ተፈናጠረ። «ቲቸር፣ አያዩም እንዴ? አጭበረበረች!»

«ምን አጭበረበርኩ? ያንተም በፊደል፣ የኔም በፊደል!»

«ፋሲካ፣ መልሺው» አሉ መምህሩ። «ዳይሬክተሩ የፊተኛውን አይተው ተስማምተዋል። ደግሞ ለራስሽ ብለሽ እንደሆነ ማንም ያውቃል።»

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ለራሷ ነው፤ ምን ትዋሽ? ሰረዟን ልታጠፋ እጇን ስትዘረጋ ዓይኗ መሐል ላይ አረፈ። አመተ ማርያም። ሰረዝ ቢገባም ቢወጣም ያው አስራ ሦስተኛ። ለመከራከር እንኳ እዚህ የለችም፤ ሳይመሽ ቤቷ ለመድረስ ገና በዘጠኝ ሰዓት ወጥታለች።

ምዝገባው ላይ ማንም የማያየው አንድ አምድ አለ፤ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ። ፋሲካ ቤቷ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው። አምስት ደቂቃ፣ ያውም ስትለግም። ምን እንደሚመጣባት ሳትጽፈው ታውቃለች።

ቢሆንም «ስም»ን አጠፋችና «የእግር መንገድ» ብላ ጻፈች፤ ከረጅሙ እንዲጀምር ሰረዟን ፊቱ ላይ ተወችው። ገጹን አደሰችው።

አስራ ሁለተኛ፣ አመተ ማርያም፤ መቶ ሠላሳ ደቂቃ። ከዚያ ሀብቴ። መጨረሻ ፋሲካ።

«አንቺ ጤነኛ ነሽ?» አለ ሀብቴ አፉን ከፍቶ። «ራስሽም እኮ ወጣሽ! ምን ተጠቀምሽ?»

«ቢያንስ አንተ ‹ሀ› ስለሆንክ አትሄድም። ይሄን ሁሉ በእግሯ እየተመላለሰች እኩል ያመጣችው ትቅደም።»

«ዳይሬክተሩን ማን ሊያስረዳልሽ ነው?» አሉ መምህር ዋሲሁን። ድምፃቸው ግን እንደቅድሙ አልጠነከረም።

«ራሴ። እምቢ ካሉ በእጃቸው ይጻፉት፤ የኔ ገጽ በስም አይደረድርም።»

አዲሱን ዝርዝር አትማ ወረቀቱን ከማተሚያው መንጭቃ ወጣች። ግቢውን በሩጫ አቋርጣ የዳይሬክተሩን በር አንኳኳች።

«ማነው?»

«ፋሲካ ነኝ።»

«ሥራ ይዣለሁ፤ ቆይተሽ ነይ!»

በሩን ገፍታ ገባች።