አንድ ስፌት ብቻ

ይኼን አንብቦ «ፈጠራ ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔም ሌላ ሰው ላይ ደርሶ ቢነገረኝ ስቄ ነበር የማልፈው።

ግን የደረሰው በእኔ ነው። በእኔና በእህቴ።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው... ጠራራ ፀሐይ... ሰው እንደ ጉንዳን በሚተራመስበት የእጅ ሥራ ባዛር ውስጥ።

የገና በዓል እየደረሰ ነበር። የእህቴ ልጅ፣ ድንቡሼ የምንላት፣ የገና ዛፉን የመስታወት ኳሶች እውነተኛ ኳስ መስለዋት መሬት ላይ ስታነጥራቸው አንድም አልተረፈ። እህቴ «ዘንድሮ በእጅ የተሠራ፣ የማይሰበር ጌጥ ነው የምንገዛው» አለችና እኔን ከአልጋዬ ጎትታ ይዛኝ ወጣች።

ስለ እህቴ ትንሽ ልንገራችሁ። ታላቄ ናት፤ እታለም ነው የምላት። እሷ ደግሞ እኔን ሚጣዬ ትለኛለች። ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ በመርፌዋ ነው ያሳደገችኝ።

አንድ አመል አላት። የተንሻፈፈ ስፌት አይታ ማለፍ አይሆንላትም። አንድ ጊዜ የማናውቀው ሰው ሠርግ ላይ ሙሽራውን በር ላይ አስቁማ የኮቱን ጠርዝ ሰፍታለታለች። ሙዚቀኞቹ ቆመው ነው የጠበቋት! ቤት ውስጥም ራት ቀርቦ ስትጠራ መልሷ አንድ ነው።

«አንድ ስፌት ብቻ ቀረኝ።»

በዚያች አንድ ስፌት የተነሳ ትኩስ ራት በልተን አናውቅም። እኔ እንደሆንኩ መርፌ ከያዝኩ የምሰፋው ጣቴን ነው።

የባዛሩ አዳራሽ ሞቅ ብሎ ነበር። ከእንጨት የተጠረቡ ደወሎች፣ የገለባ ኮከቦች፣ በክር የተሠሩ ትናንሽ ካልሲዎች... በሩ አጠገብ አንዲት ሻማ ሻጭ ነበረች፤ ወሬኛ፣ ሳቂታ። ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀርታን አንድ ሻማ እንኳ ሳንገዛ ጓደኛ ሆንን።

ልንወጣ ስንል እህቴ ቆመች።

«እዚያ ጋ አላየንም» አለችኝ።

አዳራሹ ጥግ፣ ከደረጃው ሥር አንዲት ጠረጴዛ አለች። እዚያ አንዲት ሴትዮ አጎንብሰው ይሰፋሉ። ጠረጴዛው ላይ በጥጥ የተሞሉ ነጭ የጨርቅ ኮከቦች ተደርድረዋል።

«ወይኔ... እጅ ማለት ይኼ ነው!» አለች እህቴ።

እውነቷን ነው። ግን አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው።

ኮከቦቹ ሁሉ የተያያዙ ናቸው። ክሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ አልተቆረጠም። ጠረጴዛው ላይ መቀስ የለም።

«መቀስ የሌለው ሰፊ አይቼም አላውቅ» አለች እህቴ እየሳቀች።

ከዚያ ወደ ታች አየሁ።

ከሴትዮዋ እግር አጠገብ ጃንጥላ ተደግፏል። ውሃ ያንጠባጥባል። ጠብ... ጠብ...

ውጭ ዝናብ ካየን ወራት አልፈዋል።

«እንደምን ዋሉ እማማ?» አልኳቸው።

ቀና አላሉም። እጃቸውም አላረፈም። ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«ውሰጂያት።»

«አቤት?»

«እህትሽን ውሰጂያት... ሳታየው።»

«ምኑን ነው የምታየው?»

መርፌዋ ትወጣለች፣ ትገባለች። እኔ ሞኟ አሮጊቷ ጃጅተዋል ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

ያኔ ነው እህቴ ጎንበስ ያለችው።

«ውይ... እማማ፣ የያዟት ኮከብ እኮ ተንሻፋለች። እዚህ ጋ፣ አንድ ስፌት።»

የሴትዮዋ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ የሳቁ መስሎኝ ነበር። እያለቀሱ ነው።

«ተዪው ልጄ።»

«አንዴ ነው የማስተካክልልዎት። ይስጡኝ።»

«ተዪው ብያለሁ። ሰምታችኋል... ብያለሁ።»

«ብለዋል፣ ብለዋል» አለች እህቴ እንደ ልማዷ እየቀለደች። እጇን ዘረጋች።

መርፌዋ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አለፈች። በቃ። ይኼው ነው የሆነው።

ሴትዮዋ ቀና አሉ። የእናቴ እኩያ ይሆናሉ። ጀርባቸው ሲንቋቋ ሰማሁት። ጃንጥላቸውን አነሱና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«እኔም ልጅ ነበረኝ» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ «ዝናቡ አባራ?»

«የምን ዝናብ?»

በሩ ላይ ሲደርሱ ጃንጥላቸውን ዘረጉና ወደ ፀሐዩ ወጡ።

ዞር ስል እህቴ በሴትዮዋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስትቀመጥ አላየኋትም።

«እታለም፣ በቃ እንሂድ።»

«አንድ ስፌት ብቻ ቀረኝ።»

ጠበቅኩ። የተንሻፈፈችው ኮከብ ተስተካከለች። እጇ ግን ወደሚቀጥለው ኮከብ አለፈ። እሱም ተንሻፏል! ቅድም እኮ ደህና ነበር... በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቀጥሎ ያለውም። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም...

«እታለም! ኧረ በናትሽ፣ አታስፈሪኝ።»

«አንድ ስፌት ብቻ ቀረኝ።»

ድምጿ የወትሮው ድምፅ ነው። እንዲያውም ፈገግታ አለበት።

ዓይኗን አየሁት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ እየለመነኝ ነው።

ክንዷን በሁለት እጄ ያዝኩና ጎተትኩ። ግድግዳ የምጎትት ነው የመሰለኝ። ሰውነቷ ንቅንቅ አላለም። የምትንቀሳቀሰው ጣቷ ብቻ ናት።

ጮህኩ።

ጥበቃው እየሮጠ መጣ። «ምን ሆነሻል?»

«እህቴን እርዷት! እጇን ማቆም አልቻለችም!»

እሱ እህቴን አየ። እኔን አየ።

«ሥራ ላይ ናቸው እኮ፣ እመቤት። ለምን ትረብሺያቸዋለሽ?»

አጠገባችን አንዲት ሸማች አንዱን ኮከብ እያገላበጠች ነበር። «ምን ዓይነት እጅ ነው! እግዜር ይባርከው» አለች። እህቴ በእንባዋ ውስጥ ሆና አየቻት። ሴቲቱ ፈገግ ብላላት ሄደች።

ወደ ሻማ ሻጯ ሮጥኩ። እሷ ታውቀናለች አይደል? አሁን አብረን ስንስቅ አልነበር?

«እህቴ... ያቺ ቅድም አብራኝ የነበረችው...»

«የቷ?»

«ያቻትና! ደረጃው ሥር የተቀመጠችው!»

አንገቷን አስግጋ አየች። ቅንድቧ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«እሷማ በየዓመቱ እዚያው ናት፣ የእኔ እናት» አለችኝ።

የሻማ ክር የምትቆርጥበትን መቀስ ከፊቷ መንትፌ ተመለስኩ። ስትጮህብኝ ይሰማኛል።

«አይዞሽ እታለም። አይዞሽ የእኔ እናት። ልቆርጠው ነው...»

አንገቷን ለመነቅነቅ የሞከረች መሰለኝ። አልገባኝም። እንዴት ይግባኝ?

መቀሱን ክሩ ላይ አድርጌ ጨመቅኩት።

«አንድ ስፌት ብ...»

ድምጿ እዚያ ላይ ቀጥ አለ።

አፏ አልቆመም። ከንፈሯ ያንኑ ቃል መላልሶ ይላል። ድምፅ ግን የለም። ትንፋሽ እንኳ የለም። ወደ ክሩ አየሁ... ክሩ አልተቆረጠም።

መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ሁለተኛ ብቆርጥ ምኗን ነው የምወስደው? ዓይኗን? እስትንፋሷን?

የማደርገው ሲጠፋኝ ስልኬን አውጥቼ ባሏ ጋ ደወልኩ። እሱን ጋሼ ነው የምለው። ድምፁን ከፍ አደረግኩት፤ እንድትሰማው። የባሏን ድምፅ ስትሰማ ትነቃ ይሆናል ብዬ።

«ጋሼ! ድረስልኝ! እታለም...»

«እታለም ምን ሆነች?»

«ባዛሩ ውስጥ ነን... ቶሎ ና፣ አፈር ስሆንልህ!»

ሳቀ።

«እሷማ ገባች እኮ። አሁን ነው የገባችው። አንቺ የት ቀረሽ? ጥላኝ ሄደች ብለሽ አኩርፈሽ ነው?»

ከጀርባው ሰሃን ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«ማ... ማን ናት የገባችው?»

«ምን ማለት ነው ማን ናት? ሚስቴ ናታ! ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

እህቴ ሰምታዋለች። ዓይኗን ቀስ ብላ ጨፈነች። እንባዋ ኮከቡ ላይ ጠብ አለ። ጣቷ ግን ሥራውን ቀጠለ።

ባዛሩ ሲዘጋ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ጉልበቷን አቅፌ ነበር። ጥበቃው ጓደኛውን ይዞ መጣ።

«ሻጮች ዕቃቸውን እስኪያነሱ ይቆያሉ። ሸማች ግን ውጪ።»

«እሷም ሸማች ናት! አብረን ነው የመጣነው! ባልና ልጅ አላት!»

«እሺ፣ ነገ ትነግሪናለሽ።»

በሁለት ብብቴ ይዘው አወጡኝ። እግሬ መሬት አልነካም። አንገቴን አዙሬ ሳያት እሷም እያየችኝ ነበር። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ነበር። ደረጃው ሥር የተደራረቡ ወንበሮች ብቻ ናቸው ያሉት። ፖሊስ ጣቢያም ሄጄ ነበር። «እህትሽ እንዴት ጠፋች?» ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበል? ባሏን ደውለው ጠየቁት። ቤቷ ናት አላቸው።

ከአዳራሹ ያስወጡኝ ምሽት ግን በቀጥታ የሮጥኩት ወደ እህቴ ቤት ነው። ጋሼ በሩን ከፈተልኝ።

ያቺ ባለጃንጥላ ሴትዮ ሳሎን ተቀምጣለች። ከዚህ በኋላ አንቱ አልላትም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የእህቴን ቀሚስ ለብሳለች። ድንቡሼን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን ታበጥራለች።

«ነይ ሚጣዬ፣ ሻይ ልቅዳልሽ» አለችኝ።

ወደ ጋሼ ዞርኩ። «ይቺ እታለም አይደለችም። እያት! አሮጊት እኮ ናት! እያት በደንብ!»

ጋሼ አያት። ከዚያ እኔን በሐዘን አየኝ። እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ «ደክሟታል፣ እዚሁ ትደር» አላት።

ጎረቤት ጠራሁ። ጎረቤቷ ገብታ ሴትዮዋን ጉንጯን ሳመቻትና «ያ ቀሚሴ አለቀ ወይ?» አለቻት።

እኔ ነኝ እብዷ። በዚያ ቤት ውስጥ እብዷ እኔ ሆንኩ።

የቀረችኝ ድንቡሼ ናት። ፊቷ ተንበረከክኩ። ሁለት እጇን ያዝኩ። እጇ በረዶ ሆኗል።

«ድንቡሼዬ... ንገሪያቸው። እናትሽ የት ናት?»

ዓይኔን አየችኝ።

«እማዬ ይቺ ናት» አለች። ጮክ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ማበጠሪያው ከሴትዮዋ እጅ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ አለች።

ያኔ... ድንቡሼ የሚንቀጠቀጥ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ዝም እንድል ምልክት ሰጠችኝ።