ያልታጠበው ከረጢት

ልጅቷ የቆሻሻ መጣያውን ክዳን ስታነሳ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ፊቷን መታት። ከቁርጥራጭ ወረቀት ሥር «ንብርብር ሁለት» የተጻፈበት ከረጢት ተወሽቋል። ጥቁሩ ጭቃ እንዳለ ነው፤ ማንም አልነካውም።

ቤተ ሙከራው የአክስቷ ነው። አክስቷ የዐለት ዕድሜ የምታጠና የሥነ ምድር ባለሙያ ናት። ልጅቷና «ሽቅርቅር» የሚሏት ጓደኛዋ ለትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ዐውደ ርእይ እንዲሠሩበት፣ ከሦስት የዐለት ንብርብሮች የተቆፈረ ጭቃ ሰጥታቸዋለች። ጭቃው በወንፊት ሲታጠብ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን የባሕር ዛጎሎች ይቀራሉ። እያንዳንዱ ዘመን የራሱ ዛጎል ስላለው፣ ዛጎሉን ያወቀ ሰው ንብርብሩ መቼ እንደተነጠፈ ያውቃል። አንደኛውንና ሦስተኛውን ልጅቷ ትናንት አጥባለች። ሽታው የከፋው ሁለተኛው ለሽቅርቅር ደርሷት ነበር።

«አላጠብሽውም» አለቻት ልጅቷ ወደ ሽቅርቅር ዞራ።

«ቆሻሻ መበርበር ጀመርሽ ደግሞ?» ሽቅርቅር እጇን ሎሽን እየቀባች ሳቀች። «ከአንደኛው ንብርብር ዛጎል ቆንጥሬ የሁለተኛው ሳህን ላይ ጣል አደረግኩ። ዛጎል ያው ዛጎል ነው።»

«አክስቴ እኮ ጠዋት አይታው ሁለቱ ንብርብሮች እኩያ ናቸው ብላለች። ሦስት ዓመት የሠራችውን የዐለት ዕድሜ ካርታ ልታርም ነው።»

«ታርመዋ። ከሞቱ ስንት ሚሊዮን ዓመታቸው፤ አይከሱን።» በሎሽን የራሰ እጇን የልጅቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። «እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው። አይደል የኔ ቆንጆ?»

የሎሽኑ ጣፋጭ ሽታ ከጭቃው ሽታ ይልቅ ከፋባት። ትናንት ሽቅርቅር አክስቷን «ጭቃ አቡኪዋ» ስትላት አብራ መሳቋ ትዝ አላት፤ ራሷንም ተጸየፈች። ትከሻዋን አላቅቃ ወደ ቀጣዩ ክፍል ገባች።

አክስቷ ካርታው ላይ አቀርቅራ በላጲስ አንድ መስመር ልታጠፋ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። «ነይ እስቲ» አለች ቀና ሳትል፣ «ስሳሳት የኖርኩበትን ቦታ ላሳይሽ።»

«አልተሳሳትሽም። ሁለተኛው ሳህን ውሸት ነው፤ ከአንደኛው የተቆነጠረ ነው።»

አክስቷ ላጲሱን አስቀመጠች። በሩ ላይ የቆመችውን ሽቅርቅርን አየቻት፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ማን ነው የቆነጠረው?»

ሽቅርቅር ጫማዋን ታያለች። ልጅቷ የዐውደ ርእዩን የሥራ ደብተር አንስታ ሽፋኑ ላይ ጎን ለጎን ከተጻፉት ሁለት ስሞች የራሷን ሰረዘች።

«እሷ ትንገርሽ» አለች። «እኔ ያልታጠበውን ጭቃ ልዘፍዝፍ።»