ባለቤት የሌለው ዜና

ኖላዊት ከላይኛው የአርባ ምንጭ ሰፈር፣ ከሴቻ ገደል ሥር ሞታ የተገኘችው ገና በማለዳ ነው። ኢንስፔክተር ፋንታዬ ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ፣ ልጅቷ የተጠቀለለችበትን ወፍራም ጋቢ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥቁር ጉርድና ሹራብ ለብሳለች። በአርባ ምንጭ ሙቀት ሹራብ የሚለብስ ወይ የታመመ ነው፣ ወይ ገላውን ከሰው ዓይን መሸሸግ የፈለገ፤ አለች በልቧ። ሐኪሙም ቆይቶ፣ ልጅቷ ከመሞቷ በፊት መደፈሯንና ከጥፍሯ ሥር የሰው ቆዳ መገኘቱን ነገራት።

ሟቿ በከተማው በአንድ የግል ሬዲዮ ጣቢያ ተለማማጅ ጋዜጠኛ ነበረች። ፋንታዬ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ በባጃጅ ስትወርድ የዚያው ጣቢያ ዜና ተሰማ።

«ኖላዊት የተባለች ወጣት በፍቅር ጠብ ሳቢያ ሕይወቷ አለፈ። ወጣቷ አጭር ቀይ ቀሚስ ለብሳ ስትዝናና ያመሸች ሲሆን፣ የመደፈር አደጋም እንደደረሰባት ታውቋል።»

«ምን ይደረጋል፣ እናቴ» አለ ባለባጃጁ። «እንዲህ ለብሰው በማታ ከወጡ…»

የፋንታዬ ሐሳብ ግን ጥቁሩ ጉርድ ላይ ነበር። ቀዩ ቀሚስ ከየት መጣ?

ከሟቿ ጋር በአንድ ክፍል የምትኖረው መክሊት ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ቀይ ቀሚስ ነበራት?»

«ትናንት ገበያ አብረን ነው የገዛነው። ‹ለቋሚ ቅጥር ራት ተጋብዣለሁ› ብላ ማታውኑ ለበሰችው። ማን እንደጋበዛት ስጠይቃት፣ ሲሳካ እነግርሻለሁ አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ስትመለስ ቀሚሱ ትከሻው ላይ ተቀድዷል። ምን እንደደረሰባት አልነገረችኝም። ልብሷን ቀየረችና እናቷ የፈተለችላትን ጋቢ ተከናንባ፣ ‹ለፖሊስ ልናገር› ብላ ወጣች። ልከተልሽ ስላት ተዪኝ አለችኝ።» መክሊት ፊቷን ሸፈነች። «ሬዲዮው የፍቅር ጠብ ሲል፣ ሶፎንያስ ነው ብዬ ደመደምኩ።»

ሶፎንያስ የጣቢያው ዘጋቢና የኖላዊት እጮኛ ነው። ሌሊቱን ለሥራ ሄዶ ምዕራብ ዓባያ፣ ከአንድ የሙዝ ገበሬ ቤት አድሮ ነበር፤ ቤተሰቡ ሁሉ መሰከሩለት።

«ዜናውን ሚኒባስ ውስጥ ነው የሰማሁት» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ተሳፋሪዎቹ ‹ፍቅረኛዋ ነው የበላት› ተባባሉ። እኔ መሃላቸው ተቀምጫለሁ።»

የጣቢያው ኃላፊ አቶ አለምሰገድ ፋንታዬን ቆሞ ተቀበላት።

«ልጃችን ነበረች፣ ኢንስፔክተር።»

«‹የመደፈር አደጋ› ምን ማለት ነው?»

«የሙያ ቋንቋ ነው። ማንንም ላለመወንጀል…»

«ልጅቷን ግን ወንጅላችኋል።»

አቶ አለምሰገድ ግንባሩን ጠረገ። በዚያ ወበቅ የሸሚዙ እጅጌ እስከ አንጓው ተቆልፏል። ከጎኑ የተቀመጠው ዜና አንባቢው ይፍሩ ደግሞ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ሆኖ መሬት መሬት ያያል።

በማግስቱ ፋንታዬ ሁሉንም በጣቢያው አዳራሽ ሰበሰበች። አስከሬኑን ለመውሰድ ከተራራው መንደር ከኦቾሎ የወረዱት የኖላዊት እናት ወይዘሮ ዘርፈሽም መጥተው ከሶፎንያስ አጠገብ ተቀመጡ።

«ይህ ዜና ባለቤት የለውም» ስትል ፋንታዬ ጀመረች። «ሰዋስው ያስተማሩን ‹ማን አደረገ ብላችሁ ጠይቁ፣ ባለቤቱን ታገኛላችሁ› ይሉን ነበር። ‹ሕይወቷ አለፈ›፤ ማን አጠፋው? ‹አደጋ ደረሰባት›፤ ማን አደረሰው? እንደ ጎርፍ ራሱ የመጣ ነው የሚመስለው። በዜናው ውስጥ አንድ ነገር ስታደርግ የምትታየው ሟቿ ብቻ ናት። ትለብሳለች፣ ትዝናናለች። ቀሚሱን ማን ነገራችሁ?»

«ፖሊስ ይመስለኛል» አለ አቶ አለምሰገድ።

«ለጣቢያው የደወልኩት እኔ ነኝ። ስሟን፣ የተገኘችበትን ቦታና መደፈሯን ብቻ ነው የተናገርኩት። እኔ ያየኋት በጥቁር ጉርድ ነው።»

«እንግዲያው መንገደኛ ይሆናላ።»

ፋንታዬ ወደ ይፍሩ ዞረች። «አንተ ስትጽፈው ቀሚሱ ነበረበት?»

ይፍሩ ቀና ብሎ ኃላፊውን አየ። «እኔ ‹ተደፍራ ተገድላ ተገኘች› ብዬ ነበር የጻፍኩት። እሳቸው የፍቅር ጠብ አደረጉት፤ ቀሚሱንም ጨመሩ። ከየት ሰሙ ብላቸው፣ ዝም ብለህ አንብብ አሉኝ። እንጀራዬ ነው ብዬ አነበብኩት።»

«ቀሚሱ አዲስ ነበር» አለች ፋንታዬ። «ከዚያች ምሽት በቀር አልተለበሰም። በዚያች ምሽት ደግሞ ቅጥር ሊሰጥ የሚችል ሰው ራት ጋብዟታል። እዚህ ቤት ቀጣሪው አንድ ነው። አቶ አለምሰገድ፣ እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

አልተንቀሳቀሰም። አብሯት የመጣ አንድ ፖሊስ የእጅጌውን ቁልፍ ፈታው። ክንዱ በጥፍር ተቧጭሯል።

«ልትናገር ስትሄድ ጨለማ ውስጥ ጠበቋት። ጋቢ ስለተከናነበች ከሥሩ ቀሚሱ ያለ መሰለዎት። ሰው በእሷ እንዲፈርድ ብለው ዜናው ላይ ጨመሩት። ከጥፍሯ ሥር የተገኘው ቆዳም የማን እንደሆነ ምርመራው ይነግረናል።»

አቶ አለምሰገድ ራሱን በእጁ ያዘ። «ሕይወቷ እንዲያልፍ አስቤ አልነበረም» አለ። «ነገሩ… እንዲያው ተፈጠረ።»

አማርኛው ያልገባቸው ወይዘሮ ዘርፈሽ ሶፎንያስን ክንዱን ነካ አደረጉት። በጋሞኛ ሊነግራቸው ሞከረና ቃል አጣ።

«ደፈርኳት፣ ገደልኳትም ነው ያለው» አለችው ፋንታዬ ቀስ ብላ። «እንዲህ ብለህ ንገራቸው።»

ሶፎንያስ ነገራቸው። እናቲቱ አልጮኹም፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ነከሱት።

ኖላዊት በዚያው ቀን ኦቾሎ ተቀበረች። ዜናው ግን ከአስከሬኑ ቀድሞ ተራራውን ወጥቶ ነበር። ለቅሶ ቤት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የሬዲዮውን አማርኛ እየደገሙ ለጎረቤታቸው «የፍቅር ጠብ ነው አሉ» ሲሉ ፋንታዬ ሰማች። ወደ ከተማ ልትመለስ ተነሥታ ነበር፤ ተመልሳ ከወይዘሮ ዘርፈሽ ጎን ተቀመጠች። ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ እየደጋገመች ተናገረች፤ ሶፎንያስ በጋሞኛ እየተረጎመላት።

«አሠሪዋ ደፈራት። ልትናገር ስትሄድ መንገድ ላይ ጠብቆ ገደላት። አለምሰገድ ይባላል።»

አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። አንዳንዱ ደግሞ ከእሷ ይልቅ ሬዲዮውን እንዳመነ ከፊቱ ያስታውቃል። ድምፅዋ መሻከር ሲጀምር ወይዘሮ ዘርፈሽ እጇን ያዝ አድርገው፣ ከታች ዳገቱን ገና በመውጣት ላይ ያሉትን ሰዎች በአገጫቸው አመለከቷት። የሚያውቋትን ጥቂት አማርኛ ሰብስበው፣

«ለእነሱም ንገሪ፣ ልጄ» አሏት።