ሶፋው ሊታደስ ሄዷል

ቤታችን በዕዳ ሊሸጥ ሲቃረብ፣ ከወጪያችን ሁሉ ቀድማ የተቀነሰችው ሠራተኛችን ሳምራዊት ናት። ዲኤስቲቪው አልተቀነሰም። የእናቴ የፀጉር ቤት ቀጠሮ አልተቀነሰም። የአባቴ መኪና ከነሹፌሩ ግቢያችን ውስጥ ተኮፍሶ ቆሟል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ ሴት ግን «ለጊዜው ነው» ተብላ በአንድ ጠዋት ተሸኘች። ያን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አባቴ አቶ ረታ ሴራሚክ አስመጪ ነው። የቤታችንን ካርታ ባንክ አስይዞ ተበደረ፤ ዕቃው መንገድ ላይ እያለ ዶላሩ ሽቅብ ወጣ፤ ዕቃው ሲደርስ ደግሞ የሚገዛው ጠፋ። ለዚህ አልወቅሰውም፤ ንግድ ነው። የምወቅሰው ለዝምታው ነው። ከባንኩ ማስጠንቀቂያ በመጣ ቁጥር ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከትና ዜና ያያል።

እናቴ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ደግሞ ከባንኩ ይልቅ ጎረቤት ትፈራለች። የምንኖረው ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ነው። በእሷ ሐሳብ ሰፈሩ ሌላ ሥራ የለውም፤ ከግቢያችን በር የሚወጣውንና የሚገባውን ሲመዝን ይውላል።

እኔ ዕፀገነት፣ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ የምሠራ፣ ደሞዜ ወር የማያደርሰኝ ልጃቸው፣ አንድ ቅዳሜ ሁለቱንም ቁጭ አድርጌ ተናገርኩ።

«መኪናው ይሸጥ። ዲኤስቲቪው ይቋረጥ። በየእሑዱ ለዘመድ የምንደግሰው ምሳ ይቅር። የማንጠቀምበት ዕቃም ይሸጥ።»

«ዕቃ?» አለች እናቴ። «ዕቃ ከግቢ ሲወጣ ሰው አያይም?»

«ባንኩ እኛን ከግቢ ሲያስወጣንስ ሰው አያይም?»

አባቴ «ልጅቷ እውነቷን ነው» አለና ቻናል ቀየረ።

ሳሎኑን ያጣበበውን የቱርክ ሶፋ ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። በማግሥቱ ጠዋት ረጅም፣ ጠይም፣ ሸሚዙን በጥንቃቄ የተኮሰ ወጣት በራችንን አንኳኳ። መሐሪ ይባላል። ሶፋውን ዞር ዞር ብሎ አየው፤ ዋጋውን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«እሺ» አለ።

«እሺ ምን?»

«እሺ፣ እገዛዋለሁ።»

ተናደድኩ። እኔ እስከማውቀው ዋጋ ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ለሻጩ አዝኗል።

«ለምን አትከራከርም? አሳዘንንህ?»

ዐይኑን ከሶፋው አንስቶ እኔ ላይ አሳረፈው። ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ይታየኛል። «ልከራከር?»

«ተከራከር።»

«በጣም ውድ ነው።»

«ርካሽ ነው። እንዲያውም ከስሬ ነው የምሸጥልህ።»

«ጥጉ ጋ ጨርቁ ለቋል።»

«የቱ ጋ? ሂድና ዐይንህን ተመርመር።»

ተከራክረን ተከራክረን፣ በመጨረሻ እኔ ከጠራሁት ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ተስማማን። እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ሁለታችንም እስካሁን አይገባንም።

ተሸካሚዎቹ ሶፋውን አይሱዙ ላይ ሲጭኑ ጎረቤታችን እትዬ አለም ከበራቸው ብቅ አሉ። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ቀድማኝ ወጣች።

«የሻሽዬ፣ ልትለቁ ነው እንዴ?» አሉ እትዬ አለም።

«ኧረ ምን ብለን። ሶፋው ሊታደስ ነው የሚሄደው።» እናቴ መሐሪን በአገጯ አመለከተች። «የሚያድስልን ይኼ ልጅ ነው። እጁ የተባረከ ነው ይላሉ።»

መሐሪ እናቴን አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ቶሎ አደርስልዎታለሁ» አላት፣ ረጋ ብሎ።

ማታውን ደወልኩለት። ላመሰግነው ሳይሆን ልጣላው ነበር። «ምን አገባህና ነው የምትዋሸው?» አልኩት።

«የእናትሽ እጅ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው» አለኝ።

እኔ አላየሁም ነበር። ያን ያህል ተናድጄ እናቴን ማየት ትቼ ነበር ማለት ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ባዶው ሳሎን ውስጥ ቆሜ ስለዚህ ሰው ብዙ አሰብኩ።

መሐሪ መቼም ሶፋ አድሶ አያውቅም። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የስፌት ማሽኖችን የሚቆጣጠር መሐንዲስ ነው፤ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ከዚያ ስልክ በኋላ ለቀሪው ዕቃችን ገዢ ማፈላለግ ጀመረ። ትልቁን ፍሪጃችንን የሚገዛ ባልደረባውን ይዞ መጣ፤ እናቴ ለእትዬ አለም «ፍሪጅም ይጠግናል» አለቻቸው። ለምንጣፋችን ገዢ አመጣ፤ ምንጣፍ አጣቢ ሆነ። አንድ ቀን እትዬ አለም «እስቲ የእኔንም ፍሪጅ እየው» ብለው ጠሩት። ሄዶ ጠገነላቸው።

«ፍሪጅ መጠገን ትችላለህ እንዴ?» አልኩት።

«ሞተር ሞተር ነው» አለኝ። እጁ ላይ ጥቁር ቅባት ነበር፤ በሶፍት ጠረግኩለት።

ከሥራ ስወጣ እየጠበቀኝ አብረን መሄድ ጀመርን። ካፌ ከገባን አንድ ማኪያቶ ለሁለት እናዛለን፤ አስተናጋጇ ፊቷን ስታጠቁርብን እኔም መልሼ አጠቁርባታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን በእግር ነው። በኤርፖርቱ በኩል ወደ ቡልቡላ በሚወስደው መንገድ፣ እስኪደክመን እንሄዳለን።

«ለምን በየሳምንቱ ቤታችን ትመጣለህ?» አልኩት አንድ ቀን። «የምንሸጠው እኮ እያለቀ ነው።»

«እኔም እሱን ነው የፈራሁት» አለ።

አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ድምፁ እስኪርቅ ጠበቅን። እጄን ሲይዘኝ ጣቶቹ ቀዝቅዘው ነበር፤ በደስታ የተነሳ ማልቀስ ቃጣኝ። ወደድኩት፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ሽማግሌ ሊልክ እንደሚፈልግ ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለሰው ማን ነው ልበል? ሰፈሩ የሚያውቀው ሶፋ አዳሽ መሆኑን ነው።»

«መሐንዲስ ነው በያቸዋ።»

«መሐንዲስ ከሆነ ሶፋዬን ጭኖ የሚወስደው ለምንድነው ቢሉኝስ?»

«ሸጥንለት በያቸው።»

የሰደብኳት ይመስል አየችኝ። «ልጇን ለጠጋኝ ዳረች ከምባል ለትንሽ ጊዜ ራቅ ይበል። ሰው ሲረሳው እናያለን» አለች።

እስቲ ፍረዱኝ። ጠጋኝ ቢሆንስ ምን ነውር አለው? ላቡን ጠብ አድርጎ የሚበላ ሰው ነው። ደግሞስ ሙያውን የሰጠችው እሷ፣ በሰጠችው ሙያ የናቀችው እሷ። እኔ የምወደውን ሰው ላጣ የደረስኩት እሱ ባጠፋው ወይም እኔ ባጠፋሁት አይደለም፤ እናቴ በር ላይ ቆማ በፈጠረችው ወሬ ነው። ለአባቴ ብነግረው «እናትሽን አታስጨንቂያት» አለኝ።

በዚህ መሐል የመድኃኔዓለም ማኅበር ተራው የእናቴ ሆነ። ሽሮና ዳቦ ይበቃል አልኳት፤ በግ ካልታረደ አለች። በጉን አስቀረሁት። የሶፋውን ነገር ግን ማስቀረት አልቻልኩም።

«ለእሑድ ብቻ መልሶ እንዲያመጣልኝ ያን ልጅ ንገሪው» አለችኝ።

«የሸጥሽለትን ዕቃ?»

«ታድሶ መጣ እላለሁ።»

አልነግረውም አልኩ። ራሷ ደወለችለት። እሱም እሺ ብሎ፣ ለአይሱዙው ከኪሱ ከፍሎ፣ እሑድ ጠዋት አመጣው።

ማኅበርተኞቹ ተሰበሰቡ። እትዬ አለም ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጨርቁን ዳበሱት። «ጨርቁን እንኳ ሳይቀይር እንዴት አድርጎ አዲስ አስመሰለው» አሉ። አንድ መርፌ አልነካውም ነበር። ሴቶቹ ግን ሁሉም እየዳበሱ አደነቁ።

መሐሪን እናቴ ዘበኛ ቤት አስቀምጣ ምሳ አስወጣችለት። በልቶ ሊሄድ ሲል፣ ሴቶቹ በረንዳው ላይ እያዩ፣ መቶ ብር መዳፉ ውስጥ ጨመረችለት።

«ለድካምህ ነው፣ ልጄ።»

ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«እሱ ሠራተኛ አይደለም» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሶፋውን ገዝቶናል። ቸግሮን ሸጥንለት። ላገባውም ነው።»

እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሷ አይመስልም። «ልጄ ቀልድ ትወዳለች» አለች። ከዚያ ወደ መሐሪ ዞረች። ዐይኖቿ ይለምኑት ነበር። «አይደለም እንዴ?»

መሐሪ እኔን አላየኝም። «አዎ እትዬ፣ ቀልድ ነው። እኔ ሶፋ አዳሽ ነኝ» አለና ብሩን ኪሱ ከቶ ወጣ።

መንገድ ላይ ደረስኩበት።

«ካድከኝ» አልኩት።

«ገኒ፣ እናትሽ እዚያው ሊወድቁ ነበር።»

«ትውደቅ። ባንኩ ሊያስወጣን ደርሶ ቤታችን ውስጥ አሁንም ውሸት ይፈበረካል። አንተም ታግዛለህ። እኔ ከውሸት ቤት ወጥቼ ውሸት ቤት አልገባም።»

«አንቺን አንድም ቀን አልዋሸሁሽም።»

«ስለ እኔ ዋሸህ። ይኼ ይብሳል።»

ዐይኖቹ ቀልተው ነበር። ዞሮ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሲደውል አላነሳሁለትም፤ ሶፋውን ለመውሰድም አልመጣም።

ወደ ቤት ስመለስ ሴቶቹ ተበትነዋል። እትዬ አለም ብቻ ቀርተው እናቴን እጇን ይዘዋታል።

«የሻሽዬ፣ አትቀየሚኝ» አሉ። «የቤታችሁ የሐራጅ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ ከነአቶ ረታ ስም። ሰፈሩ ካነበበው ሰንብቷል።»

እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። እንዳታፍሪ ብለን ነው ዝም ያልነው።»

እኔ እሳቸውንም አልማርኳቸውም። «እያወቁ ታዲያ ያን ልጅ ፍሪጄን ጠግንልኝ ያሉት ለመሳቅ ነው?»

እትዬ አለም ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ተበላሽቶብኝ ነበራ፣ ልጄ» አሉ።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት እናቴ ሳሎን ገብታ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። «ረታ፣ ተነስ። ባንክ ሄደን እንነጋገር። ሐራጁ ሳይደርስ ቤቱን ራሳችን እንሽጠው።» አባቴ ይህን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ወዲያው ጫማውን አደረገ። መኪናውም በዚያው ሳምንት ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን፣ መድኃኒት ቤት እያለሁ ከእናቴ ስልክ ተደወለልኝ። ሳነሳው የመሐሪ ድምፅ ነው።

«እናትሽ እዚህ ናቸው» አለ።

«የት?»

«ለሚ። ፋብሪካው በር ላይ።»

በእኛ ወግ የሴት ወገን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሽማግሌ የሚልከው የወንድ ወገን ነው። የሴት ልጅ እናት ወንድ ፍለጋ ከወጣች፣ ልጇ ቆማ ቀርታባት ነው ይባላል። ይህን ከእናቴ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። እሷ ግን ታክሲ ቀያይራ፣ የፋብሪካው ልጆች ከሥራ ሲወጡ ደርሳ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ስሙን እየጠራች ፈልጋዋለች። ሲመጣም ወደ ጥግ እንሂድ አላላችውም። ጓደኞቹና የሚያሠራቸው ልጆች ከበው ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ዕዳ አለብኝ» አለችው። «ቤቴን እየሸጥኩ ነው። ለሠርግ የምደግሰው የለኝም። በረንዳዬ ላይ ሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፤ እዚህም ሰው ፊት ይቅር በለኝ እልሃለሁ። ልጄን አሁንም የምትፈልጋት ከሆነ ሽማግሌ ላክ። የምቀበላቸው ግን በኪራይ ቤት ነው።»

ይህን ሁሉ በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። መድኃኒት የሚጠብቁት ደንበኞች እያዩኝ እንባዬን በጋዋኔ እጅጌ እጠርጋለሁ።

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምንም። አስቀድሜ አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው። የእኔን ስልክ አታነሺም።»

«ስለ እኔ ሁለተኛ ትዋሻለህ?»

«አልዋሽም።»

«ለእናቴ ብለህስ?»

ትንሽ ዝም አለ። ይህ ዝምታው ነው ያሳመነኝ፤ ቶሎ ቢመልስልኝ አላምነውም ነበር።

«ለእናትሽ ብዬም አልዋሽም።»

«እንግዲያው ላክ» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ጎሮ በተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ዕዳው ተከፍሏል፤ ከቤቱ ሽያጭ የተረፈውም ለጥቂት ወራት ኪራይ በቅቷል። እናቴ ለሽማግሌዎቹ ምንም አልደበቀችም፤ አባቴም ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ አፍ «ከስሬ ነው» አለ። ተጋባን። ድግሱ ትንሽ ነበር፤ ለእሱም ከማንም አልተበደርንም።

ደስተኛ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ስንት ዓመት ሙሉ እናቴ አንድ ቀን እውነቱን ጮክ ብላ ስትናገር ለመስማት ስጮህ ኖሬ፣ በተናገረችበት ቀን የሰሟት ለሰርቪስ የሚሮጡ የፋብሪካ ልጆች ናቸው። እኔ አልነበርኩም።