የሞት ፍርደኛው ግጥም በድሬስደን

እንደ አገሩ አቆጣጠር በ፲፰፻፵፱ ዓ.ም. የኅዳር ጭጋግ በኤልበ ወንዝ ላይ ተኝቶ ነበር፤ በግንቦቱ አመፅ የተቃጠሉት የድሬስደን ቤቶች ግንባቸው እንደ ጠቆረ ነበር፤ መንገድ ዘግተው ከንጉሡ ጦር ጋር ከተዋጉትም ብዙዎቹ በወህኒ ሆነው ዕጣቸውን ይጠባበቁ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ጎትሆልድ ሄምፔል የተባለ መጽሐፍ ጠራዥና ገጣሚ ሲሆን፥ ሞት ተፈርዶበት የንጉሡ ማኅተም ብቻ ቀርቶ ነበር።

እኅቱ ክሎቲልደ ዘፋኝ ነበረች። ከፈራጆቹ አንዱ የነበሩት ባሮን ፎን ሊንደንሀይን ማንነቷን ሳያጣሩ በቤታቸው ለእንግዶች እንድትዘፍን በጠሯት ጊዜ፥ በር የሚያንኳኳ ልጅ እናቱን የሚጠራበትን አንድ የወንድሟን ግጥም መረጠች፤ ዜማውን የደረሱላት አዛውንቱ መምህሯ ኖይበርት ነበሩ።

በልምምዱ ቀን መምህሩ እጃቸውን ከፒያኖው ላይ አነሡ።

«ምነው ልጄ፥ ገበያ መሀል ቆምሽ እንዴ? ጩኸቱን ተይውና ግጥሙን እንደ ደብዳቤ አንብቢልኝ።»

ሁለት ስንኝ እንዳነበበች ማልቀስ ጀመረች።

«ይኸውልሽ፥ አንቺ ካለቀስሽ እነሱ አያለቅሱም፤ ኬካቸውን እየበሉ ያዩሻል እንጂ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፥ መምህር? ወንድሜ እኮ ነው!»

«ንገሪያቸዋ! ቃሉ ገና አሁን እንደ መጣለት ሰው ሆነሽ ንገሪያቸው። የሚያንኳኳው የኔ ፒያኖ ነው፤ ደጅ የቆምሽው ግን አንቺ ነሽ። ደግሞ የማን ግጥም ነው ካሉሽ አላውቅም በይ፤ አለዚያ አንቺንም ወህኒ ይጨምሩሻል።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በመኮንኖችና በወይዛዝርት ተሞላ። መምህሩ ፒያኖውን በወፍራም ድምፅ ሁለት ጊዜ መቱ፤ እርስዋም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ዘፈነች፦

«በሩ ሲንኳኳ፥ ነፋስ ነው አትበይ፤
እናቴ ደክሞኛል፥ ድምፄን ሰማሽ ወይ?»

«ሰማሽ ወይ» ከማለቷ በፊት ትንፋሽዋን ያዘች፤ ፒያኖውም አብሯት ዝም አለ። ያን ጊዜ ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡት የባሮኑ እናት፥ ታናሽ ልጃቸው በግንቦት ለንጉሡ ሲዋጋ የሞተባቸው አሮጊት፥ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ማነው? ምን ተጎልታችሁ ታያላችሁ፥ ክፈቱለት እንጂ!»

የሳቀ አልነበረም። ዘፈኑ ሲያልቅ ባሮኑ ፊታቸው ገርጥቶ፥ «ግጥሙ የማን ነው፥ ወይዘሪት?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ አትናገሪ ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁባት።

«የወንድሜ ነው፥ ጌታዬ። የጎትሆልድ ሄምፔል፤ እርስዎ ሞት የፈረዱበት።»

አንድ መኮንን ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። አሮጊቷ ግን ወደ ልጃቸው ዞረው፥ «ያንተ ወንድም አይመለስም፥ ልጄ። የዚችኛዋ በሕይወት አለ አይደል?» አሉ። ባሮኑ እናታቸውን ደግፈው አስቀመጧቸው፤ በማግስቱም ንጉሡ ዘንድ ገቡ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የሞቱ ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ከስምንት ዓመት በኋላም ምሕረት ወጣ። ጎትሆልድ ጸጉሩ ሸብቶ፥ ሳል ይዞት ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ስንኝ አልጻፈም። እኅቱ ዘፈኑን ብታሰማው፥ «ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አላት።

ዘፈኑ በተሰማበት ሳምንት የወጣው ጋዜጣ የወይዘሪት ሄምፔል ድምፅ አነስተኛ መሆኑን ጻፈ፤ የፍርዱ መዝገብም ቅጣቱ የተለወጠው «በንጉሡ ቸርነት» ነው ብሎ አለፈ። ስለ አሮጊቷ አንድ ቃል የጻፈ የለም።