ንዒሳ የተባለችው ሐይቅ

ስሙኝማ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሻሂዬን ይዤ ከሰው መሀል የምነሳ፣ «ሕልማችሁን እንደ እውነት አታውሩልኝ» እያልኩ የማሾፍ ሰው ነበርኩ፣ አሁን የራሴን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

እኔና ታላቅ እህቴ ሰናይት ልጆች ሳለን፣ አስመራ፣ ገዛ ባንዳ የሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ተደብቀን አንድ የራሳችን ዓለም ፈጥረን ነበር፣ ተራሮቹ ቦታ የሚቀያየሩበት፣ ሰዎቹ ከወፍ ጋር የሚያወሩበት፣ መሀሉ ላይ ንዒሳ የምትባል ሐይቅ ያለችበት፣ ይህን ደግሞ እናታችን እንኳ አታውቅም። የሐይቋን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ዝም ብሎ ከአፌ የወጣ ስም ነው፣ ሰናይት ግን «ስም ያለ ምክንያት አይወጣም!» እያለች ትነዘንዘኝ ነበር። የኤርትራ ነጻነት ሲመጣ አባታችን የኢትዮጵያ መንግሥት ሠራተኛ ስለነበር እሷን ይዞ አዲስ አበባ ገባ፣ እኔ ከእናቴ ጋር አስመራ ቀረሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ እዳጋ ሓሙስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ከኋላዬ ውሃ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ፣ ቧንቧ የፈነዳ መስሎኝ ብዞር አቧራ ብቻ! አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል፣ እመኑኝ፣ ዝናብ ካየን ወራት አልፎን ነበር።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ የዓዲ ኣበይቶ አውቶቡስ ከዚህ ነው?» አሉኝ፣ በትግርኛ ነው ያወሩኝ፣ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ።

«እወ፣ አቦይ። ምን አረጠብዎት?»

«ንዒሳ ሞልታለች።»

«የምን ንዒሳ?»

«ሐይቋ ናታ! ስሟ ከየት እንደመጣ አልሰማሽም? ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፣ ውሃው ድንገት መጥቶ መሀላቸው ገባ። ታላቂቱ ከማዶ ሆና ‹ንዒ ሳባ!›፣ ‹ነይ ሳባ!› ብላ ተጣራች፣ ንፋሱ ግማሹን በላው፣ ወዲህ የደረሰው ‹ንዒ ሳ› ብቻ ነው። ሰውም ሐይቋን ንዒሳ አላት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታናሺቱ ሰማቻት፣ ልትሻገር ገባች... አልወጣችም።»

አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፍረው ሄዱ፣ የቆሙበትን መሬት ብነካው ጭቃ ነው፣ ቀዝቃዛ ጭቃ!

በሩጫ ስልክ ቤት ገብቼ ሰናይት ጋ አስደወልኩ፣ ስለ እህትማማቾቹና ስለ ጥሪው ነገርኳት።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ። «ትናንት ነው እኮ ያሰብኩት! ልጽፍልሽ ነበር፣ ለማንም አልተነፈስኩም! ሳባንም፣ ንፋሱንም!»

ሁለታችንም ጮኽን፣ ሳቅን፣ የስልክ ቤቱ ሠራተኛ «ኧረ ቀስ በሉ» እስክትለኝ ድረስ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ታናሺቱስ ምን ሆነች?» አልኳት።

«እሱን ገና አላሰብኩትም፣ ጥሪው ላይ ነው ያቆምኩት። ምነው፣ ሽማግሌው ሌላ ነገር አሉሽ?»

«ኧረ ምንም» ብዬ ዋሸኋት።

በማግስቱ ዓዲ ኣበይቶ ሄጄ ጠየቅኩ፣ እንዲህ ያሉ ሰው የሚያውቅ አላገኘሁም። ሰናይት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በየደብዳቤዋ «በቃ ነይ፣ ናፍቀሽኛል» ትለኛለች፣ እኔም ናፍቃኛለች፣ ሻንጣዬን ሁለቴ አዘጋጅቼ የሽማግሌው «ልትሻገር ገባች... አልወጣችም» ትዝ እያለኝ ሁለቴ ፈታሁት፣ እስቲ ለምን እንደምቀር ምን ብዬ ልጻፍላት?